ደባርቅ፦ የሲራራ ነጋዴ ማረፊያ፣ የስሜን በር

ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የደጋ ከተማ፣ የሰሜን ጎንደር ዞንም መቀመጫ ናት። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚሁ በመሆኑ፣ አብዛኛው እንግዳ የመግቢያ ክፍያውን ፈጽሞ፣ ስንቁን ሸምቶ ወደ ተራራው ያልፋል። ከተማዋ ግን ፓርኩ ከመከለሉ ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ የመንገድ ከተማ ነበረች። ሳያድሩባትና ገበያዋን ሳያዩ ማለፍ ጉብኝቱን በግማሽ ያጎድለዋል።

ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን ከምፅዋ የተነሳ ሲራራ ነጋዴ በአድዋ አልፎ ተከዜን ይሻገራል፤ ከዚያ የሚጠብቀው ትልቁ ፈተና የሊማሊሞ ዳገት ነው። ዳገቱን ጨርሶ ጭነቱን የሚያራግፈው በደባርቅ አካባቢ ባለው ሜዳ ላይ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ይህንኑ ዳገት ወጥቶ ነው። ገደሉን እየጠመዘዘ የሚወጣውን የመኪና መንገድ ያሠራው የጣሊያን ወራሪ ሲሆን፣ በሥራው ጥራት ዛሬም ያስደንቃል። የመንገዱ አናት ወልቀፊት ይባላል። የጣሊያን ጦር ምሽጉን እዚያ ሠርቶ፣ በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ለወራት ተከቦ ከቆየ በኋላ መስከረም 1934 ዓ.ም እጁን ሰጠ። ጎንደርም ሁለት ወር ያህል ቆይታ ነጻ ወጣች።

ከዚህ ቀደም ብሎ በስሜን የተፈጸመ ሌላ ታላቅ ነገር አለ። በጃናሞራ የምትገኘው ደረስጌ ማርያም የስሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ያሠሯት ናት። ውቤ ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሯት ለራሳቸው ንግሥና አስበው እንደነበር ይነገራል። እዚያ የነገሠው ግን በጦርነት ድል ያደረጋቸው ካሣ ኃይሉ ነው፤ በ1847 ዓ.ም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። ዘመናዊ ኢትዮጵያ ተጀመረች የሚባልበት ቀን የዋለው በዚህ ተራራ መሆኑን ስንት ጎብኚ ያውቃል?

ፋብሪካ የሚባል ነገር ባልነበረበት ዘመን በዚህ አገር ማረሻውንና ማጭዱን የሚቀጠቅጡ፣ እንስራና ምጣድ የሚሠሩ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። በስሜንና በወገራ ለዘመናት ኖረው፣ አብዛኞቹ ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1983 ዓ.ም ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ሄደዋል። ገበሬው ዛሬም በበሬ ያርሳል፤ ዋናው አዝመራ ገብስ ነው። ከደባርቅ በስተደቡብ በዚያው የጎንደር መንገድ ላይ ያለችው ዳባትም የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ አገር ናት። ቆሎው፣ በሶውና ጠላው ከዚያው ማሳ ይወጣል፤ በብርድ አገር ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ከበሶ የተሻለ ስንቅ የለም።

ፓርኩ በሕግ የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በ1978 ደግሞ ከላሊበላ ጋር በዩኔስኮ የመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። ወደ ፓርኩ የሚገባ ሰው ጠመንጃ የያዘ ስካውት አብሮት ይሄዳል፤ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ጫኝ ደግሞ በየማኅበራቸው ተራ ጠብቀው ይሰማራሉ። ጠዋት በደባርቅ የሚታየው ይኸው ነው፤ ድንኳኑ፣ ምድጃውና የድንቹ ጆንያ በበቅሎዋ ግራና ቀኝ ተመዛዝኖ በጠፍር ይታሰራል፣ አንዱ ጎን ካዘነበለ ተፈትቶ እንደገና ይጫናል።

መንገዱ በቡይት ራስ በኩል ሳንቃበር ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ የጅንባር ወንዝ በገደሉ አፍ ቁልቁል ይወረወራል። መሬቱ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት ንብብር ነው፤ ዝናብና ወንዝ እየሸረሸሩት እዚህም እዚያም ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ገደል አወጡለት። በእመት ጎጎ ጫፍ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር አሞራ ሲያንዣብብ ያያል። ሽቅብ በተወጣ ቁጥር የአስታው ጫካ ለጓሳና ለጅብራ ቦታ ይለቃል። ከጨነቅ ወዲያ ቧሂት፣ ከቧሂት ማዶ ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የኢትዮጵያ ጣሪያ ራስ ደጀን ይገኛል።

ጭላዳ ለማየት ብዙ መልፋት አያስፈልግም። መንጋው ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድሮ፣ ፀሐይ ሲሞቅ ሜዳው ላይ ይወጣል፤ በቂጡ ተቀምጦ እየተንፏቀቀ ሣሩን በሁለት እጁ ቶሎ ቶሎ ይነጫል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ መለያው ነው። ዋልያ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በዓለም ላይ ከስሜን ሌላ መኖሪያ የለውም፣ የሚውለውም ሰው በማይደርስበት የገደል እርከን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቁጥሩ ወደ 150 ወርዶ ነበር፤ በጥበቃ ብዛት ከ800 በላይ ከደረሰ በኋላ በቅርብ ዓመታት ክፉኛ አሽቆልቁሏል፤ ይህ ከባድ ኪሳራ ነው። ቀይ ቀበሮም አለ፣ ቁጥሩ ግን ጥቂት ነው።

ጥበቃው ሰውንም አስከፍሏል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሮ ቆየ። ከዚያ የወጣው በከፊል በፓርኩ መሐል የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 የማያንሱ አባወራዎች፣ በ2008 ዓ.ም ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ በመዛወራቸው ነው። ደጋ ላይ ገብስ ሲዘሩና በግ ሲያረቡ የኖሩ ሰዎች የከተማ ኑሮ መልመድ ነበረባቸው፤ የፓርኩን ውበት የሚያደንቅ ሁሉ ይህንንም ሊያውቅ ይገባል። በ2013 ዓ.ም መጨረሻ በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ወደ አካባቢው ሲጠጋ ደግሞ በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። እንግዳ ሲቀር የበቅሎ ጫኙና የአስጎብኚው ገቢም አብሮ ቀረ።

ለጉዞ የሚመረጠው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ነው፤ ዝናቡ አባርቶ ሜዳው ገና አልደረቀም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጉሙ ገደሉን ይሸፍነዋል። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ የጠራ ቢሆንም ሌሊቱ ውርጭ ነውና ጋቢና ወፍራም ካፖርት መያዝ ግድ ነው። የመንገዱን ጸጥታ ከመነሳት በፊት ማጣራት፣ ሽቅብ ከመውጣት በፊትም ሰውነት ከፍታውን እንዲለምድ ቢያንስ አንድ ሌሊት ደባርቅ ማደር ይበጃል።