ከቁርጭምጭሚት ተገድቦ በጉልበት የሚታይ፤ የብሬስ ማገጃዎች ዳሰሳ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ገበያ ላይ የዋሉት ተስተካካይ የብሬስ ማጠፊያዎች በመስኩ ለረጅም ጊዜ ጸንቶ የቆየውን ጥያቄ ለውጠውታል። ቀደም ሲል፣ ከጉልበት በታች የሚታሰረውንና ባለሙያዎች ኤ.ኤፍ.ኦ የሚሉትን የቁርጭምጭሚትና የእግር መዳፍ ብሬስ የሚሠራ ባለሙያ በዋናነት የሚወስነው፣ ቁርጭምጭሚቱ በየትኛው ማዕዘን ላይ ይቁም የሚለውን ነበር። በአሜሪካ ሚሺጋን የሚገኘው ቤከር ኦርቶፔዲክ ትሪፕል አክሽን ብሎ የሰየመው ማጠፊያና በጀርመን ሉነቡርግ የሚገኘው ፊዮር ኤንድ ጌንትስ ኒውሮ ስዊንግ ብሎ ያወጣው አቻው ግን የመነሻውን ማዕዘን፣ የእንቅስቃሴውን ስፋትና እንቅስቃሴውን የሚቃወመውን የሞላ ኃይል ለየብቻ ለመለወጥ ያስችላሉ፤ ያውም ብሬሱ ተሠርቶ ታካሚው ከለበሰው በኋላ፣ በመፍቻ ወይም የሞላውን ክፍል በሌላ በመተካት ብቻ። ጥያቄው «የት ይቁም» ከሚለው «ከየት ተነሥቶ፣ በምን ያህል ኃይል እየተገታ ይቁም» ወደሚለው ተሸጋግሯል። ይህ እውነተኛ እመርታ ነው፤ ነገር ግን እንቅስቃሴን የሚገታው ማገጃ በቁርጭምጭሚት ላይ ይገጠም እንጂ ዋና ውጤቱ በጉልበት ላይ እንደሚታይ ያልተረዳ ባለሙያ፣ ማጠፊያው ምንም ያህል ቢራቀቅ ከእሱ የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት ሁለት እንቅስቃሴዎችን መለየት ያስፈልጋል። የእግር ጫፍ ከቅልጥም እየራቀ ወደ ታች ሲወርድ ፕላንታርፍሌክሽን ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ ቁልቁል መታጠፍ ይባላል። የእግር ጫፍ ወደ ቅልጥም ሲቀርብ ደግሞ ዶርሲፍሌክሽን፣ ማለትም ሽቅብ መታጠፍ ይሆናል፤ መዳፉ መሬት ላይ ተተክሎ ሳለ ቅልጥሙ በላዩ ወደ ፊት ሲያዘነብልም የሚሆነው ይኸው ሽቅብ መታጠፍ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጤናማ ሰው በደልዳላ መሬት ሲራመድ ቁርጭምጭሚቱ ወደ 10 ዲግሪ ሽቅብና ወደ 20 ዲግሪ ቁልቁል ይታጠፋል። በካሊፎርኒያው ራንቾ ሎስ አሚጎስ ሆስፒታል ዕድሜ ልካቸውን የሰውን አረማመድ ያጠኑትና እ.ኤ.አ. በ2013 ያረፉት ዶክተር ጃክሊን ፔሪ ይህን እንቅስቃሴ ሰውነት በየተራ በሚንከባለልባቸው ሦስት ነጥቦች ከፍለው አስረድተዋል፤ ተረከዝ መሬት ሲነካ መዳፉ በዝግታ የሚወርድበት የመጀመሪያው፣ መዳፉ ሙሉ በሙሉ ተተክሎ ቅልጥሙ ወደ ፊት የሚያልፍበት ሁለተኛው፣ ተረከዝ ተነሥቶ ሰውነት በጣቶች ሥር የሚንከባለልበት ሦስተኛው ነው። ማንኛውም ማገጃ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን ወይም ሁለቱን ይነጥቃል፤ የተነጠቀውም በጫማ ወይም በሌላ መገጣጠሚያ መተካት አለበት።

የመስኩ ጅማሬ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፖሊዮ፣ በአማርኛ የልጅነት ልምሻ የሚባለው በሽታ፣ ብዙ ሕፃናትን በሚያሽመደምድበት ዘመን ብሬስ ማለት ከጫማ ሶል ጋር የተያያዙ ሁለት የብረት ዘንጎችና የቆዳ ማሰሪያ ነበር። ክሌንዛክ የተባለው ማጠፊያ ከኋላው ባለ አንድ ቀዳዳ ውስጥ ሞላ ይዞ የሚዝለፈለፈውን የእግር ጫፍ ያነሣ ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ባለ ሁለት ቀዳዳ ማጠፊያ ግን እስከ ዛሬ ያልተሻረ ሐሳብ አምጥቷል። ከኋላኛው ቀዳዳ የብረት ፒን ሲገባበት ቁልቁል መታጠፍ ይታገዳል፤ ከፊተኛው ሲገባ ሽቅብ መታጠፍ ይታገዳል፤ በሁለቱም ሲገባ ቁርጭምጭሚቱ ግትር ይሆናል፤ በፒኑ ፈንታ ሞላ ሲገባ ደግሞ እገዳው ወደ መቋቋም ይለወጣል። የዛሬዎቹ ውድ ማጠፊያዎች በመሠረቱ የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ማገጃ ጉልበትን እንዴት እንደሚገዛ በዝርዝር መታየት አለበት፤ በዚህ ረገድ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዶክተር ጀስተስ ሌማን በ1970ዎቹ ያካሄዷቸው ምርመራዎች እስካሁን መሠረት ናቸው። ቁልቁል ማገጃ ያለው ብሬስ የለበሰ ሰው ተረከዙ መሬት ሲነካ መዳፉ መውረድ ስለማይችል፣ መዳፉ መሬት እንዲይዝ የግድ ቅልጥሙ ወደ ፊት መገፋት አለበት፤ ቅልጥም ወደ ፊት ሲገፋ ደግሞ ጉልበት ይታጠፋል። የጭኑ የፊት ጡንቻ ጠንካራ ከሆነ ይህን መታጠፍ ይቆጣጠረዋል፤ ደካማ ከሆነ ግን የእግር ጫፍ እንዳይጎተት ተብሎ የተሠራው ብሬስ ራሱ ሰውየውን በጉልበቱ ሊጥለው ይችላል። ሌማን የጫማው ተረከዝ በሚጨመቅ ለስላሳ ነገር ሲሠራ ወይም ከኋላው ሰያፍ ሆኖ ሲቆረጥ ይህ ጉልበትን የሚያጥፍ ኃይል እንደሚቀንስ አሳይተዋል። መፍትሔው ርካሽና ቀላል ሆኖ ሳለ ዛሬም በብዙ ቦታ መዘለሉ ያሳዝናል።

ሽቅብ ማገጃ በተቃራኒው ይሠራል። ቅልጥሙ ከተወሰነ ማዕዘን አልፎ ወደ ፊት እንዳያዘነብል ሲከለከል የሰውነት ክብደት ወደ ጣቶች ሥር ይዛወራል፣ መሬት ሰውነትን መልሶ የሚገፋበት የኃይል መስመርም ከጉልበት ፊት ለፊት ያልፋል፤ በዚህ ምክንያት ጉልበት ያለ ጭን ጡንቻ እርዳታ ይዘረጋል። ሳልቲየል የተባለ ባለሙያ በ1969 የገለጸው፣ ቅልጥምን ከፊት ለፊት የሚይዘው ግትር ብሬስ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ሲሆን፣ ባታቸው ደክሞ ጉልበታቸውን አጥፈው ለሚሄዱ የሴሬብራል ፓልሲ ሕፃናትና በልምሻ ጭናቸው ለሰለለ አዋቂዎች ባለውለታ ሆኗል። ገደብ ግን አለው፤ ጉልበቱ ከ10 ወይም ከ15 ዲግሪ በላይ ተቋጥሮ ከቀረ፣ ወይም መዳፉ ወደ ውጭ ክፉኛ ከዞረ፣ የኃይሉ መስመር ከጉልበት ፊት ለፊት ማለፉ ይቀራል። ከመጠን በላይ ከታገደም ጉልበት ወደ ኋላ ይለመጥና ከጊዜ በኋላ ጅማቶቹ ይላላሉ።

ፕላስቲክ ከመጣ ወዲህ ማገጃ የግድ የተለየ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። በሙቀት ለስልሶ በጀሶ ቅርጽ ላይ የሚሳበው ፖሊፕሮፒሊን ጠርዙ ከቁርጭምጭሚት ጉጦች ፊት ለፊት ከተቆረጠ ግትር፣ ከጉጦቹ ኋላ ከተቆረጠ ደግሞ እንደ ሞላ የሚለመጥ ይሆናል፤ የጥቂት ሚሊሜትር አቆራረጥ የብሬሱን ጠባይ ይለውጠዋል። መንቀሳቀስ የተፈለገ እንደሆነ በሁለቱ ጎን እንደ ታማራክ ያለ ከዩሬቴን የተሠራ ተለማጭ ማጠፊያ ይገባል፤ ቁልቁል ማገጃውም የላይኛውና የታችኛው ፕላስቲክ ከኋላ ጠርዝ ለጠርዝ ሲገናኝ ወይም በመካከላቸው ብሎን ሲገባ ይገኛል፤ ሽቅብ መታጠፍን ለመገደብ ደግሞ ከኋላ የሚወጠር ማሰሪያ ይጨመራል። ማሰሪያው እየላላ ስለሚሄድ እንደ ማገጃ ብዙ አይታመንም። የማጠፊያው አገጣጠም ከቁርጭምጭሚቱ የተፈጥሮ ዘንግ ከራቀ ብሬሱ በየእርምጃው ባት ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እየተንሸራተተ ቆዳን ይልጣል።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምትገኘው በፖሊፕሮፒሊን በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በመናገሻ ሥራውን የጀመረው የቼሻየር ማዕከል በልጅነት ልምሻ የተጎዱ ሕፃናትን ሲያገለግል የኖረ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴም ለአካል ጉዳተኞች ባቋቋመው ልዩ ፈንድ አማካይነት አዲስ አበባን ለአፍሪካ ባለሙያዎች የሥልጠና ማዕከል አድርጓት ነበር። ኮሚቴው ያዳበረው የፖሊፕሮፒሊን ቴክኖሎጂ በ2004 ከዓለም አቀፉ የፕሮስቴቲክስና ኦርቶቲክስ ማኅበር ሽልማት አግኝቷል፤ የአሠራር መመሪያዎቹም ተለማጩን፣ ግትሩንና ባለ ታማራክ ማጠፊያውን ብሬስ ያካትታሉ። የአፍሪካ አህጉር በነሐሴ 2020 ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብሬስ ፈላጊዎቹ በአብዛኛው የስትሮክና የሴሬብራል ፓልሲ ታካሚዎች እየሆኑ ነው፤ ይህም የማገጃ ምርጫን አክብዶታል፤ በልምሻ የላላ ጡንቻ ማገጃን አይታገልም፣ በስትሮክ የተገተረ ጡንቻ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ይታገለዋል።

በመስኩ ካሉት ክርክሮች ሁሉ የሚበልጠው ከዚሁ የተገተረ ጡንቻ ይነሣል። ለረጅም ጊዜ ተቀባይነት የነበረው አስተሳሰብ ብሬስ በ90 ዲግሪ ይሠራ፣ ሕፃኑም እንደ ልቡ እንዲንቀሳቀስ ሽቅብ የሚለቅ ማጠፊያ ይኑረው የሚል ነበር። በዌልስ ባንጎር የሠሩት ፊዚዮቴራፒስት ኢሌን ኦወን እነዚህን ሁለቱንም ተቃወሙ። መነሻቸው፣ ከባት ጡንቻዎች አንዱ የሆነው ጋስትሮክኒሚየስ ከጭን አጥንት ተነሥቶ ጉልበትንም ቁርጭምጭሚትንም አልፎ ተረከዝ ላይ የሚያርፍ መሆኑ ነው። ይህ ጡንቻ ካጠረ፣ ጉልበት ተዘርግቶ ቁርጭምጭሚት ሽቅብ ሊታጠፍ አይችልም፤ ማጠፊያው ቢለቅም ጡንቻው አይለቅም። ያኔ ከሦስት ነገሮች አንዱ ይሆናል፤ ጉልበቱ ታጥፎ ይቀራል፣ ተረከዙ ከብሬሱ ውስጥ ያለ ጊዜው ይነሣል፣ ወይም መዳፉ ከመሐሉ ይታጠፋል፤ የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ከውጭ ሲታይ ቁርጭምጭሚቱ በደህና የታጠፈ ይመስላል።

ኦወን ያቀረቡት መንገድ ብሬሱ ጡንቻው በሚፈቅደው ማዕዘን፣ አስፈላጊ ከሆነም ከ90 ዲግሪ ቁልቁል ወርዶ፣ ግትር ሆኖ እንዲሠራ፣ ከዚያም በጫማው ተረከዝ ሥር በሚገባ ሽብልቅ አማካይነት ቅልጥሙ በእርምጃው እኩሌታ ላይ ከቱምቢ መስመር ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት እንዲያዘነብል ማድረግ ነው። በዚህ አሠራር የቁርጭምጭሚት ማዕዘንና የቅልጥም ዝንባሌ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያውን ጡንቻ፣ ሁለተኛውን ጫማ ይወስነዋል። የ90 ዲግሪው ልማድ ሁለቱን አንድ አድርጎ በመቁጠሩ ለብዙ ዓመታት ሕፃናትን ሲጎዳ ኖሯል ማለት ማጋነን አይሆንም። እርግጥ ነው፣ ግትሩ ብሬስ ዋጋ ያስከፍላል፤ ለባሹ መቀመጥና መነሣት ይቸግረዋል፣ ቁልቁለትና ደረጃ ይከብደዋል፣ ቁጢጥ ማለትም ፈጽሞ አይችልም፤ ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳትና ዝቅተኛ በርጩማ ላይ መቀመጥ የዕለት ኑሮ በሆነበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባቱ ጤነኛ ሆኖ ነርቩ በመጎዳቱ ብቻ የእግሩ ጫፍ ለሚዝለፈለፍ ሰው ግትር ብሬስ መስጠትም ግፍ ነው፤ ለእሱ ተለማጩ በቂ ነው። ባጠረና በተገተረ ባት ላይ ግን ማስረጃው ወደ ኦወን ያጋድላል።

የዘይት ማጠፊያዎች ሌላ ቅርንጫፍ ናቸው። በጃፓን ሱሚኮ ያማሞቶና ባልደረቦቻቸው ያዳበሩት ብሬስ የመኪና አሞርዛተር በሚሠራበት ስልት ቁልቁል መታጠፍን በዘይት እያዘገመ፣ ሽቅብ መታጠፍን ሳይነካ ይተዋል፤ ተረከዝ መሬት ሲነካ ጉልበት በድንገት እንዳይታጠፍ በማድረጉ ለስትሮክ ታካሚዎች ተስማሚ ነው። ነርቭን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቁት መሣሪያዎች ማገጃ ስላልሆኑ ከዚህ ዳሰሳ ውጭ ናቸው።

ወደ ተስተካካዮቹ ማጠፊያዎች ስንመለስ፣ የኒውሮ ስዊንግ ሞላዎች በቀለም የሚለዩ 5 የጥንካሬ ደረጃዎች አሏቸው፤ የለሰለሰው እስከ 15 ዲግሪ ሲፈቅድ የጠነከረው 5 ዲግሪ ብቻ ይፈቅዳል። ተስፋው ሞላው የታመቀውን ኃይል እግር ሲነሣ መልሶ እንዲሰጥ ነው። በ2015 በኔዘርላንድስ በ15 የሴሬብራል ፓልሲ ሕፃናት ላይ የተደረገው የይቬት ከርኩምና የባልደረቦቿ ጥናት ይህን ተስፋ በከፊል ብቻ አጽድቋል፤ የሚለመጡት ብሬሶች ቁርጭምጭሚት መሬትን ገፍቶ ሲነሣ የሚያወጣውን ኃይል ከግትሩ በተሻለ ቢጠብቁም፣ ለመራመድ የሚወጣውን የሰውነት ኃይል ከግትሩ አብልጠው አልቀነሱም። ስለዚህ የማጠፊያዎቹ እውነተኛ ጥቅም ኃይል ከመመለስ ይልቅ ሙከራን መፍቀዳቸው ነው፤ ስትሮክ ያገኘው ሰው በወራት ውስጥ ሲሻሻል ብሬሱም አብሮት ሊለወጥ ይችላል። ውድነታቸው፣ ክብደታቸውና መለዋወጫ ማስፈለጉ ግን ለአብዛኛው አፍሪካዊ ታካሚ ከአቅም በላይ ያደርጋቸዋል።

ይህ ሁሉ የሚያሳየው ብሬስ ሳይረዳ ሲቀር ጉድለቱ ከማጠፊያው ይልቅ ከልኬቱ መሆኑን ነው። የጫማ ተረከዝ በ1 ሴንቲሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የአዋቂ ቅልጥም ዝንባሌ በ3 ዲግሪ ያህል ይለወጣል፤ በወርክሾፕ ውስጥ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጎ የተስተካከለለት ሰው ቤቱ ገብቶ ጠፍጣፋ የኮንጎ ጫማ ሲያደርግ፣ ያ በጥንቃቄ የተመረጠ ማገጃ ሌላ ማገጃ ሆኗል። ስለዚህ ብሬስ የሚሠሩ ወርክሾፖች ውድ ዕቃ ከመመኘታቸው በፊት ለእያንዳንዱ ታካሚ ካርድ ላይ አራት ነገሮችን መመዝገብ ይጀምሩ፤ ብሬሱ የተሠራበትን የቁርጭምጭሚት ማዕዘን፣ ጫማ ተደርጎ በማዕዘን መለኪያ (ጎኒዮሜትር) እና በቱምቢ የተለካውን የቅልጥም ዝንባሌ፣ የጫማውን ተረከዝ ከፍታ፣ እንዲሁም የማገጃውን ዓይነት። ታካሚውና ቤተሰቡም ብሬሱን ሲረከቡ በየትኛው ጫማ እንደተስተካከለ ይጠይቁ፤ ጫማ በለወጡ ቁጥርም ተመልሰው ያስለኩ።