ስለ መፍሰስ የሚናገር አንድ ብርቅ ቃል

በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ ከስንት አንድ ጊዜ ብቅ የሚል «ፕሮፍሉዌንት» የተባለ ቃል አለ። ትርጉሙም ወደ ፊት የሚፈስ፣ ሳያቋርጥ የሚወርድ ማለት ነው። ምንጩ ላቲን ሲሆን «ፕሮ» ወደ ፊት፣ «ፍሉዌሬ» መፍሰስ ነው። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1667 በታተመው «ፓራዳይዝ ሎስት» በተባለው ድርሰቱ፣ በወራጅ ውኃ ስለሚፈጸም ጥምቀት ሲናገር በዚሁ ቃል ተጠቅሟል።

ይህን ቃል የሸመደደ ተማሪ ያገኘው አንድ ቃል ብቻ ነው። ሥሩን የያዘ ግን ቤተ ዘመዱን ሁሉ ያገኛል። ሳይደናቀፍ የሚናገር ሰው «ፍሉዌንት» መባሉ ንግግሩ እንደ ውኃ ስለሚወርድለት ነው። ባለጸጋ «አፍሉዌንት» መባሉ ሀብት ወደ እርሱ ስለሚፈስ፣ ከልክ ያለፈ ነገርም «ሱፐርፍሉዌስ» መባሉ ሞልቶ ስለሚፈስ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው «ኢንፍሉዌንስ» ነው። የጥንት ኮከብ ቆጣሪዎች ከከዋክብት ወደ ሰው የሚፈስ ኃይል አለ ብለው ያምኑ ነበር፤ ቃሉም የተነሣው ከዚያ ነው። ኢጣልያኖች በድንገት የሚዛመተውን በሽታ በዚሁ ስም «ኢንፍሉዌንዛ» አሉት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1743 ከኢጣልያ የተነሣው ወረርሽኝ ሲስፋፋ ስሙም አብሮት ወደ እንግሊዝኛ ገባ። በ1911 ዓ.ም. በአገራችን «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ብዙ ሕዝብ የፈጀው ይኸው በሽታ ነው።

ወደ አማርኛችን ስንመለስ፣ ገንዘብ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ሲገባ «ፈሰስ ሆነ» እንላለን። በዚህስ ከላቲኑ ጋር ተገናኝተናል። እንግሊዝኛው «ኢንፍሉዌንስ» የሚለውን ግን እኛ «ተጽዕኖ» እንለዋለን፤ ይህም መጫን ከሚለው የግዕዝ ቃል የወጣ ነው። ለእነርሱ የሚፈሰው ለእኛ ይጫናል። ንግግር የሚዋጣለትንም ሰው «አንደበተ ርቱዕ» ስንል ቀጥተኛነቱን እንጂ መፍሰሱን አናነሣም። እንግዲህ ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ለወጣት ጸሓፊዎች አንድ ነገር እናሳስባለን። በማመልከቻ ላይ «ፍሉዌንት» በማለት ፈንታ «ፕሮፍሉዌንት ነኝ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ዕውቀቱን ያሳየ ይመስለዋል፤ አንባቢው ግን ነገሩን ትቶ በቃሉ ላይ ይቆማል። ብርቁን ቃል ለማስተዋል እንወቀው፤ ለመጻፍ ግን የታወቀው ይበቃናል። ስለ መፍሰስ የሚናገር ቃል ጽሑፍን ሊገድብ አይገባውም።