በካውያ ላይ ስለሚጣበቅ እድፍ

ነጠላ የሚበላሸው በእጥበት ጊዜ ብቻ አይደለም። በሳሙና ታሽቶ፣ በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ፣ በፀሐይ ደርቆ ነጭነቱ ካማረ በኋላ፣ በመጨረሻው ሰዓት ከካውያ በወጣ እድፍ ቡናማ መስመር ተሥሎበት የሚቀር ብዙ ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በበዓል ዋዜማ፣ ማለት በከተራ ዕለት ጧት ወይም በትንሣኤ ዋዜማ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በሚቸኩልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በካውያው ፊት፣ ይኸውም ልብሱን በሚነካው ጠፍጣፋ ብረት ላይ የሚጣበቀው ነገር ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚለቅ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ እንወዳለን።

ነገሩ ጥቂት መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር በጉለሌ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጥቶ ይመልከት። ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ተሰቅሎ የሚሸጠው የሀገር ልብስ ብዙ ድካም ያለበት ነው። በአካባቢው ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ትውልዳቸው ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ ነው። ሸማኔው እግሩን በጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ መርገጫውን ይረግጣል፤ በእጁም መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይልካል። ጥለቱ ዘንድ ሲደርስ ግን ሥራው ይዘገያል፤ የጥበቡን ክር በጣቱ እየለየ ማስገባት አለበትና። ጥበቡ የበዛ እንደሆነ አንዱ ልብስ ቀናት ይፈጃል። ማጉም በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ከሆነ፣ የፈታዪቱን ሴት ድካም በዚህ ላይ መጨመር ይገባል። ይህን ሁሉ ለማጥፋት የጋለ ካውያ ለጥቂት ሰኮንድ ማሳረፍ ይበቃል።

ዋናው ችግር እንዲህ ነው። የነጠላው መደብ ጥጥ ነው፤ ጥጥም ብርቱ ሙቀት ይችላል። የጥለቱ ክር ግን ዛሬ እንደ ጥንቱ ሁልጊዜ ጥጥ አይደለም። የሚያብለጨልጨውና ቀለሙ የደመቀው ክር ብዙ ጊዜ በፋብሪካ የተሠራ ሰው ሠራሽ ክር ነው። በካውያው ማዞሪያ ላይ የሚታዩት ነጠብጣቦች ይህን ልዩነት ለማስታወቅ የተቀመጡ ናቸው፤ አንድ ነጠብጣብ እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ሁለት እስከ 150፣ ሦስት ደግሞ እስከ 200 ዲግሪ ማለት ነው። ፖሊስተር የተባለው ክር ፈጽሞ ለመቅለጥ 250 ዲግሪ ገደማ ቢፈልግም፣ ከዚያ አስቀድሞ ይለሰልሳል፤ ያረጀ ካውያም ሙቀቱን በትክክል አይጠብቅም። እንግዲህ በአንዲት ነጠላ ላይ ሁለት ጠባይ አለ። መደቡን በሦስት ነጠብጣብ የተኮሰ ሰው በዚያው ሙቀት ወደ ጥለቱ ቢያልፍ ክሩ ተሟሙቶ በብረቱ ላይ ይቀራል፤ በነጋታውም የሌላውን ሰው ልብስ ያቆሽሻል። ጥለቱን በአንድ ነጠብጣብ፣ ከውስጥ ገልብጦ፣ ስስ የጥጥ ጨርቅ አልብሶ መተኮስ የሚገባው ስለዚህ ነው። ጥለቱን አስቀድሞ፣ መደቡን ኋላ መተኮስም ይሻላል፤ ካውያ ቶሎ ይግላል እንጂ ቶሎ አይበርድምና።

(አማርኛችን ጠመንጃ መተኮስንም፣ ቁስል መተኮስንም፣ ልብስ መተኮስንም በአንድ ግሥ መጥራቱ ያለ ምክንያት አይመስለንም።)

ሁለተኛው የጧፍ ሰም ነው። በሌሊቱ ጸሎት ላይ በነጠላ የተንጠባጠበች አንዲት የሰም ጠብታ ስትደርቅ ለዓይን አትታይም። የንብ ሰም ግን ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ሙቀት የሚቀልጥ ስለሆነ፣ ከካውያው ዝቅተኛ ሙቀት እንኳ አያመልጥም፤ ቀልጦ ይሰፋል፣ ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎም በብረቱ ላይ ይጠቁራል። ሦስተኛው በደንብ ሳይለቀለቅ የቀረ ሳሙና፣ እንዲሁም ልብስ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚደረገው ስታርች ነው፤ እነዚህ በሙቀት አርረው እንደ ቅርፊት ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ሳንናገር የማናልፈው ነገር አለ። ነጠላው በተበላሸ ጊዜ ወቀሳው የሚያርፈው በቤት ሠራተኛዪቱ ላይ ነው፤ ከደመወዟም የሚቆረጥባት አለች። ከገጠር መጥታ ካውያ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘች ልጅ የነጠብጣቡን ትርጉም ማን ነግሯት ታውቃለች? እመቤቲቱ ሩብ ሰዓት ወስዳ ሳታሳያት ዋጋውን ብታስከፍላት ይህ ግፍ ነው እንላለን።

ወደ ማጽዳቱ እንመለስ። በካውያው ላይ ያለው ሰም ከሆነ፣ ብረቱን በዝቅተኛ ሙቀት ጥቂት አሙቆ፣ ከሶኬቱ ነቅሎ፣ በወፍራም የጥጥ ጨርቅ መጥረግ ነው። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይደጋገማል። በነጠላው ላይ ያለው ሰም ደግሞ ሲደርቅ በጥፍር ይነሣና፣ የቀረው በሁለት ወረቀት መካከል ተደርጎ ለብ ባለ ካውያ ሲተኮስ ወረቀቱ ይመጠዋል። ወረቀቱ ጽሕፈት የሌለበት ይሁን፤ የጋዜጣ ቀለም ከሰሙ የባሰ ነውና።

የቀለጠ ክር አስቸጋሪው ነው። ሲቀዘቅዝ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ሙቀቱ ከበዛ ደግሞ ይሰፋል፣ ይጨሳልም። ስለዚህ መስኮት ከፍቶ ካውያውን ክሩ እስኪለሰልስ ብቻ ማሞቅ፣ ነቅሎም በእንጨት ማማሰያ ጠርዝ ቀስ እያደረጉ መግፋት ያሻል። ሲደርቅ እንደገና ጥቂት ይሞቃል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ቢላዋ ወይም የብረት ሽቦ ያነሣል፤ እድፉ ይለቅለታል፣ ነገር ግን ብረቱ ይጫራል፤ የተጫረም ብረት የነጠላን ክር ይስባል፣ አዲስ እድፍም በጭረቱ ውስጥ ይይዛል።

ፊቱ ቅብ የሌለው ብረት ከሆነ ጨው ይረዳል፤ ደቃቅ ጨው በወረቀት ላይ በትኖ፣ እንፋሎቱን ዘግቶ፣ ለብ ያለውን ካውያ ጥቂት ጊዜ ማመላለስ ነው። በኋላም ጨው ዝገት ስለሚያመጣ በደንብ ይጠረግ። እንዳይጣበቅ ቴፍሎን የተቀባውን ግን ጨው ይልጠዋል፤ በዚህ ላይ ከለስላሳ ጨርቅና ከእንጨት በቀር ምንም አይቅረብ።

ያረረ ሳሙናና ስታርች የሚለቀው ከሙቀት ይልቅ በውሃ ነው። ካውያው ተነቅሎ ከበረደ በኋላ እርጥብ ጨርቅ ፊቱ ላይ አልብሶ ሩብ ሰዓት ያህል ማቆየት፣ የቀረውንም ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ማንኪያ ውሃ ለውሶ ማሸት ይበቃል። በእንፋሎቱ ቀዳዳዎች የገባው በጥጥ በተጠቀለለ ስንጥር ይወጣል። ነጭ ቅርፊት ከቀዳዳዎቹ የሚረግፍ ከሆነ የውሃው ማዕድን ነው፤ አቼቶ በእኩል ውሃ በጥብጦ በማጋኑ ውስጥ ማሞቅ ያሟሟዋል፤ ሆኖም ይህን የሚከለክሉ ፋብሪካዎች ስላሉ አስቀድሞ መመሪያውን ማንበብ ይገባል።

ነጭ ጋዝና ቤንዚን ግን በጋለ ካውያ አጠገብ ፈጽሞ አይቅረቡ፤ እነዚህ ነጠላን ሳይሆን ቤትን ያቃጥላሉ። መብራት በጠፋም ጊዜ ካውያው ወዲያው ከሶኬት ይነቀል፤ በልብስ ላይ ተረስቶ ቆይቶ መብራቱ ሰው በሌለበት ሲመለስ እሳት ይነሣልና። በዚያ ሰዓት የከሰል ካውያ የሚያወጣ ቤተሰብም ቢኖር ከሰሉን በደጅ ያቀጣጥል፣ በተዘጋም ክፍል ውስጥ አይተኩስ፤ የከሰል መርዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል።

የኤሌክትሪክ ካውያ በኒውዮርክ በሄንሪ ሲሊ ስም የተመዘገበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1882 ነው። ከዚያ በፊት በእሳት ይሞቁ የነበሩትን ብረቶች እንዲንሸራተቱ ለማድረግ ሴቶች የንብ ሰም በጨርቅ ቋጥረው ያሹባቸው ነበር። ያው ሰም ሲበዛ እድፍ ይሆናል፤ ሲያንስም ይጠቅም ነበር።

ካውያው ከጸዳ በኋላ ከነጠላው በፊት አሮጌ ነጭ ጨርቅ ይተኮስበት፤ በእንፋሎቱ ቀዳዳ የቀረ ነገር ካለ የሚወጣው በዚያ ጊዜ ነው።