ከሰርቦ ጅማ በፊልም ሲለካ

ከሰርቦ ጅማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስቲ ይህን መንገድ በፊልም እንለካው።

ሲኒማ ቤቶች ለረጅም ዘመን ያሳዩት ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል፤ በደቂቃ 27 ሜትር ከ40 ሳንቲም ያህል ይተረተራል። የሁለት ሰዓት ፊልም 172,800 ምስል አለው። ከጥቅሉ ተፈትቶ አስፋልት ላይ ቢዘረጋ 3.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ስድስት ፊልም ጫፍ ለጫፍ ቢያያዝ ሰርቦን ከጅማ ያገናኛል።

አሁን ባቡር እንጨምርበት። የሉሚዬር ወንድማማቾች በ1896 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያሳዩት፣ ባቡር ላ ሲዮታ ጣቢያ ሲገባ የሚታይበት ፊልም 50 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ርዝመቱ 17 ሜትር ያህል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አንዱ ተሽከርካሪ ብቻውን 28 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ይበልጠዋል። በኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ስለሚፈጸም ጠለፋ የሚተርከው የ1974ቱ «ዘ ቴኪንግ ኦፍ ፔልሃም ዋን ቱ ትሪ» ደግሞ 104 ደቂቃ ይፈጃል፤ 2.85 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው።

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድና 39 ጣቢያ አለው። አብዛኛው ሐዲድ በምድር ላይና በድልድይ ላይ ቢሆንም፣ ምኒልክ አደባባይ አካባቢ ሲደርስ መሬት ውስጥ ይገባል። ሁለቱ መስመሮች ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ የሚጋሩት ሐዲድ 2.7 ኪሎ ሜትር ነው። የኒውዮርኩ ጠለፋ ከዚያ ላይ ቢዘረጋ 150 ሜትር ያህል ይተርፈዋል።

በስቶክሆልም ነገሩ ይገለበጣል። የከተማዋ ሜትሮ 100 ጣቢያ አለው፤ ከ90 በሚበልጡት ውስጥ ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ ወይም ሞዛይክ አለ። መስመሩ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ወሊሶ ሊደርስ ምንም ያልቀረው ነው። ሲኒማ ቤት ተመልካቹ ተቀምጦ ምስሉ ይሄዳል፤ እዚያ ግን ምስሉ ቆሞ ተመልካቹ ይሄዳል።

ከሁሉ የሚገርመው ፍጥነቱ ነው። ፊልም በማሳያው ውስጥ ሲያልፍ በሰዓት 1.6 ኪሎ ሜትር ብቻ ይጓዛል። በዚያ ፍጥነት ከሰርቦ ጅማ 12 ሰዓት ይፈጃል፤ እግረኛ ግን በ4 ሰዓት ይገባል። ሸራው ላይ የሚከንፈው ባቡር የተሳፈረው፣ ቡና የጫነች አህያ ጥላው በምትሄድ ክር ላይ ነው።