እግራችን በዉዱእ ቦታና በማዕዳችን

እንደሚታወቀው ሶላቱን ጠብቆ የሚሰግድ ሙስሊም በቀን እስከ አምስት ጊዜ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያጥባል። ይህም በሱረቱል ማኢዳ 6ኛ አንቀጽ የተደነገገ ግዴታ ነው። ይሁን እንጂ በዓለም ባንክ ሰፈራችን መስጂዶች የዉዱእ ቦታ ላይ ጥቂት ቆሞ ያስተዋለ ሰው አብዛኞቻችን እግራችንን የምናጥበው ሳናየው መሆኑን ይረዳል። ውሃው ይፈስሳል፣ እጅ ይዳስሳል፣ ዐይን ግን ሌላ ቦታ ነው። ለጤነኛ ሰው ይህ ብዙ ላይጎዳው ይችላል። የስኳር በሽታ ላለበት ግን እግርን እስከማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እግር ከልብ ርቆ የሚገኝ አካል በመሆኑ የደም ሥሮች ሲጠቡ ቶሎ ከሚቸገሩት አንዱ እርሱ ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ደግሞ ሁለት ጉዳት በአንድነት ያደርሳል። ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ሰውዬው ቁስሉን አያውቀውም፤ የደም ሥርን ስለሚጎዳም ቁስሉ ቶሎ አይድንም።

ይህን ለመረዳት ከሰፈራችን ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። ዘነበወርቅ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በማከም የታወቀ ነው። ቀደም ሲል ብዙ ሰው ደዌው ራሱ የእግርን ጣት የሚበላ ይመስለው ነበር። ፖል ብራንድ የተባሉት እንግሊዛዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም በሕንድ አገር ሲሠሩ ያሳዩት ግን ሌላ ነው። የደነዘዘ እግር ጠጠር ሲወጋው፣ እሳት ሲልጠው ባለቤቱ አይሰማውም፤ ስለማይሰማውም በቁስሉ ላይ እየረገጠ ይሄዳል። እኚሁ ሐኪም በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው ትምህርቱን ለስኳር ሕሙማን እግር አዋሉት። ዛሬም ሐኪሞች ለእነዚህ ሕሙማን የሚሰጡት ዋና ምክር እግርን በየቀኑ መመልከትና የማይጨቁን ጫማ ማድረግ ነው።

እንግዲህ ለሙስሊሙ የመመልከቻው ጊዜ ተዘጋጅቶለታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በእግር ጣቶች መካከል ጣትን እያስገቡ ማጠብን አዘዋል፤ ተረከዙን ደረቅ የሚተወውንም አጥብቀው አስጠንቅቀዋል። በጣቶች መካከልና ተረከዝ ላይ ቁስል ብዙ ጊዜ ይጀምራል። የድንጋጌው ምክንያት ይህ ነው አንልም፤ ዒባዳ ዒባዳ ነው። ግን እጃችን እዚያ ከደረሰ ዐይናችንም ቢከተለው ምን ይከብዳል? ከታጠቡ በኋላ በጣቶቹ መካከል በፎጣ ማድረቅ ይገባል፤ እርጥበት ሲቆይ ፈንገስ ያመጣልና። በክረምት ውሃ አሙቀው ዉዱእ የሚያደርጉ እናቶችና አባቶች ሙቀቱን በክርናቸው ይለኩት፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይናገርም። በካልሲ ወይም በኹፍ ላይ የሚያብስ ሰው ደግሞ ያን ቀን እግሩን ስላላየ ማታ ሲተኛ ይመልከተው። ጎንበስ ማለት የሚያቅታቸው አያቶች ካሉ ውስጥ እግራቸውን የሚያይላቸው የልጅ ልጅ ነው። ለልጁም ትልቅ ኸይር ሥራ ነው።

ሆኖም መመልከት የመጣውን ጉዳት ቶሎ ለማወቅ እንጂ የደም ሥርን ለመጠበቅ አይበቃም። ጥበቃው የሚጀምረው ከማዕዱ ነው። እስቲ ሻያችንን እናስላው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። በሲኒው ሦስት ማንኪያ እየጨመረ በቀን አራት ሲኒ የሚጠጣ ሰው ወደ 48 ግራም ደረሰ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ ቢቻል ከ25 ግራም ገደማ እንዳያልፍ ይመክራል። ለስላሳው ገና አልተቆጠረም! ጨውም በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ያነሰ እንዲሆን ይኸው ድርጅት ያሳስባል፤ ጨው የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋልና። በኢፍጧር ሳምቡሳ የምንጠብስበት የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የደም ሥርን የሚጎዳ ስብ ነው። የኑግ ዘይት ከእርሱ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን በልክ።

ደግነቱ የአገራችን ምግብ መልካም ነገር አላጣም። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ የስኳርን ወደ ደም መግባት የሚያዘገይ ገለባ አላቸው። ጎመንና ቀይ ሥር የደም ሥርን የሚያላላ ንጥረ ነገር ይዘዋል፤ ተልባም ጠቃሚ ቅባት አለው። ጤፍም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሦስት እንጀራ በጥቂት ወጥ ከመብላት አንዱን በብዙ ጎመንና ምስር መብላት ይመረጣል። ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ በሦስት መክፈልን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል፤ እኛ ግን በረመዳን ማታ ሦስቱንም ለምግብ የምናደርግ ጥቂቶች አይደለንም።

ስለ ማርና ስለ ቴምርም እንናገር። ማር መድኃኒትነቱ በቁርኣን የተነገረለት ነው። ይህን ይዘው ክኒናቸውን ትተው ማርና ጥቁር አዝሙድ ብቻ የሚወስዱ አሉ። ይሁንና ማርም ስኳር አለው፤ የስኳር ሕመምተኛ በልክና ሐኪሙን አማክሮ ይውሰደው። ማፍጠሪያው ቴምርም ከአንድ እስከ ሦስት ፍሬ ይበቃል። ሱንናውን መውደድ ሕክምናን አያስተውም፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለዋልና።

ወጣቶችን በተመለከተ ሲጋራና ሺሻ የእግርን የደም ሥር በማጥበብ የሚተካከላቸው የለም። ጫትም የደም ግፊትን ያንራል። በዚያ ላይ ለሰዓታት ተቀምጦ በስኳር የተሞላ ሻይ መጠጣት ሲጨመርበት ጉዳቱን መገመት አያዳግትም።

ሲራመዱ ባታቸውን የሚያማቸውና ሲቆሙ የሚለቃቸው፣ እግራቸው የሚቀዘቅዝ ወይም የሚደነዝዝ፣ ቁስላቸው የማይሽር ሰዎች ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስለ ረመዳን ጾም ሐኪሙን የሚያማክረው ጨረቃ ከታየች በኋላ ሳይሆን በረጀብ ወይም በሻዕባን ነው፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት አስቀድሞ ይስተካከልለታል። በዚያው ቀጠሮ ካልሲውን አውልቆ እግሩን ያሳይ።