ዝም የሚሉ ጎበዝ ተማሪዎችን እንዴት እናግኛቸው?

ጎበዝ ተማሪ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ እጁን የሚያወጣውንና ደብተሩ ንጹህ የሆነውን ልጅ ነው የምናስበው። ንጹህ ደብተር ግን ቤት ውስጥ ጠረጴዛና መብራት መኖሩን ነው የሚናገረው።

እኔ የምኖርበት ሀራሙስ የትልልቅ ቪላዎችና የኤምባሲዎች ሰፈር ነው። የእኛ ሰዎች ደግሞ በዘበኝነትና በቤት ሠራተኝነት ይኖሩበታል። ልጆቻቸው ቤት ውስጥ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ፣ መንገድ ላይ ሶማልኛ፣ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ይሰማሉ። ከአሊ አዴ ካምፕ የመጣው ደግሞ በእንግሊዝኛ ሲማር የቆየ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ልጅ በፈረንሳይኛ ተጠይቆ ዝም ቢል አይችልም ማለት ነው እንዴ? አንዲት ተማሪ በሒሳብ ፈተና ግማሽ እንኳን አላመጣችም። «የ1,200 ፍራንክ ሦስት አራተኛ ስንት ነው?» ብዬ በአማርኛ ስጠይቃት ግን ወረቀት ሳትነካ 900 አለች። እንዴት አገኘሽው ስላት፣ «ለአራት ሰው ሲካፈል 300 ይደርሳል፤ የሦስቱ 900» አለችኝ። ክፍልፋይ ማለት እኮ ይኸው ነው! ስለዚህ መልሱን ብቻ አንረም፣ «እንዴት ደረስክበት?» ብለን እንጠይቅ። ብዙ የሚቀረውንም ልጅ ሰነፍ ከማለታችን በፊት ውሃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ እንወቅ።

ከሁሉ የሚከብደው የቤተሰብ ነገር ነው። አልበርት ካሙ የሚባለው ደራሲ አልጀርስ ውስጥ ያደገ የድሃ ልጅ ነበር። አባቱ በ1914 እ.ኤ.አ. በጦርነት ሞተ፤ ጆሮዋ በደንብ የማይሰማው እናቱ ሰው ቤት እያጸዳች ነበር የምትኖረው። አያቱ ልጁ ቶሎ ሥራ እንዲገባ ትፈልግ ነበር። መምህሩ ሉዊ ዠርሜን ግን ቤት ድረስ ሄዶ አያቲቱን አሳመናት፤ ያለ ክፍያም እያስጠና ለነጻ ትምህርት ዕድል ፈተና አዘጋጀው። ካሙ በ1957 በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ለዚህ መምህር የምስጋና ደብዳቤ ጻፈለት። ለእኔ ትልቁ ነገር ዠርሜን ቤት ድረስ መሄዱ ነው፤ ማስጠናትማ ሁላችንም እናስጠናለን።

ወላጅ «ተምሮስ የት ሊደርስ?» ሲለን የምንመልሰው ይኑረን። በ2017 የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ የመማር መብት ሰጥቷል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይም የኢጋድ አገሮች እዚሁ ጅቡቲ ተሰብስበው ስደተኞችን በየአገሩ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ለማካተት ተስማምተዋል። ከ1992 ጀምሮ ዳፊ የሚባለው በጀርመን መንግሥት የሚደገፍ ስኮላርሺፕ ስደተኞችን በተለያዩ አገሮች ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ቦታው ጥቂት፣ ተወዳዳሪው ብዙ መሆኑንም አብረን እንናገር። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲን ሳልጨርስ የወጣሁ ስለሆንኩ ለወላጅ ባዶ ተስፋ መሸጥ አልወድም። የስደተኛ መታወቂያና የክፍል ውጤት ወረቀት ግን ከአሁኑ ተጠንቅቆ ይቀመጥ፣ ዕድሉ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ያቺን ተማሪ እናቷ ሙሉ ቀን ሥራ ልታስገባት ነበር። ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄጄ ቡና ጠጣን። እስከ ሰኔ ጠዋት ጠዋት ትማር፣ ከሰዓት ትሥራ ተባብለናል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ገና አልተስማማንም።