ከመቱ ወደ ኮራሉ፦ ከመጥለቁ ይልቅ መመለሱ ይታሰብበት

የሶር ወንዝ ፏፏቴውን ወርዶ፣ ከገባ ጋር ተቀላቅሎ፣ በባሮና በነጭ ዓባይ አድርጎ ሜዲትራኒያን ባሕር ድረስ ይዘልቃል። የመቱ ልጅ ግን «ባሕር ልይ» ካለ መንገዱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ወደ ጅቡቲ። ቲክቶክ ላይ ባለቀለም ዓሣዎችንና ኮራሎችን ዓይታችሁ «አንድ ቀን እኔም» ያላችሁ ካላችሁ፣ የሚቀርባችሁ እሱ ነው። ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ ወደ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ይኬዳል፤ ኮራሉ እዚያ አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ከዓሣዎች ሁሉ ትልቁ፣ ሰው የማይበላው ዌል ሻርክ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይታያል።

ፓስፖርቱንና ቪዛውን ቀድሞ መጨረስ ግድ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ «ምን ልግዛ?» ሳይሆን «መዋኘት እችላለሁ ወይ?» ነው። በዓለም አቀፉ የጀማሪ ጠላቂዎች ሥልጠና የተለመደው ፈተና 200 ሜትር ሳያቋርጡ መዋኘትና 10 ደቂቃ ውኃ ላይ ተንሳፎ መቆየት ነው። ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ራሳችሁን በዚህ ለኩ። ልምምዱ ግን ሶር ፏፏቴ ሥር አይሁን። የሚወርደው ውኃ ሰውን ወደ ታች ይጎትታል፣ አለቱም አይታይም። ጥልቀቱ የታወቀ ገንዳና የሚያሠለጥን ሰው ፈልጉ።

መነጽሩን ስትመርጡ ማሰሪያውን ሳታጠብቁ ፊታችሁ ላይ አድርጉና በአፍንጫ አየር ሳቡ። ሳይወድቅ ከቆየ ልካችሁ ነው። በመተንፈሻ ቱቦ ላይ ላዩን የሚንሳፈፍ ሰው ጀርባው በፀሐይ ይቃጠላል፤ እጅጌው ረጅም የሆነ ቲሸርት ይዛችሁ ሂዱ። ኮራሉን አትርገጡት፣ አትንኩት። ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፤ አንዴ ከተሰበረ ለማገገም ብዙ ዓመት ይፈጅበታል።

አሁን ለእኛ ለደጋ ሰዎች ወደሚብሰው ነገር እንምጣ። ላይ ላዩን ለሚንሳፈፍ ሰው ይኼ አያሰጋም። የአየር ጋን ተሸክሞ የሚጠልቅ ግን ልብ ይበል። 10 ሜትር ስትወርዱ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፤ ከምትተነፍሱት አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ወደ ደማችሁና ወደ ሥጋችሁ ይገባል። ቀስ ብላችሁ ስትወጡ ቀስ ብሎ ይወጣል። ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ ግን የአምቦ ውኃ ክዳን ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይፈጥራል። መገጣጠሚያ ያማል፣ እጅና እግር ይደነዝዛል፣ ሲብስም ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

ለዚህ ነው ጠላቂዎች «ከጠለቃችሁ በኋላ ወዲያው አውሮፕላን አትሳፈሩ» የሚባሉት። የአውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይቀራረባል። እስቲ አስቡት፤ አዲስ አበባ ራሷ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት! ድሬዳዋ 1,200፣ መቱ 1,600፣ ጎሬ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ናቸው። ስለዚህ «እኔ በአውሮፕላን አልሄድም፣ በባቡር ነው» ማለት አያድንም። ከጅቡቲ ወደ አገር ቤት በመኪናም ሆነ በባቡር መመለስ ወደ ላይ መውጣት ነው።

መመሪያው አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ቆዩ ይላል። ለእኛ ግን ቀላሉ ሒሳብ ሙሉ አንድ ቀን መጠበቅ ነው። የመመለሻውን ትኬት ስትቆርጡ ከመጨረሻው ጥልቀት በኋላ ያለውን ቀን ባዶ ተዉት። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ዓሣ ብሉ፣ ውኃ ጠጡ፣ ፎቶ ለጥፉ። የአንድ ሌሊት የአልጋ ዋጋ ይጨምራል፤ ይጨምር።

መንገድ ላይ መደንዘዝ፣ ማዞር ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣ «የጉዞ ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት። ጉዞውን አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ «ባሕር ውስጥ ጠልቄ ነበር» የሚለውን መጀመሪያ ተናገሩ። መቱ ላይ ሕመሙን ከባሕር ጋር የሚያያይዝላችሁ ሰው ላይኖር ይችላል፤ ሳትጠየቁ መናገር የእናንተ ፋንታ ነው።